በለገጣፎ የተፈተነ ስማርት ሶኬት፦ የበዓል መብራትን በሰዓቱ ማብራትና ማጥፋት

ለገና የበረንዳና የአጥር መብራት ለሚዘረጋ ቤተሰብ ዋናው ጣጣ መስቀሉ ሳይሆን በየምሽቱ አስታውሶ ማብራቱና ከመኝታ በፊት ማጥፋቱ ነው። በለገጣፎ በሚገኘው ግቢያችን የበዓሉን ሰሞን የተጠቀምንበት፣ ከመርካቶ የተገዛው ስማርት ሶኬት ይህን ጣጣ በእርግጥ ያቃልላል። ሆኖም ዕቃው መብራት የማይቆራረጥበትን አገር አስቦ የተሠራ ስለሚመስል፣ በእኛ ሰፈር በአግባቡ የሚያገለግለው አንዳንድ ነገር ሲስተካከልለት ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ይሰካል፣ የመብራቱ ገመድ በእርሱ ላይ ይሰካል፣ ከዚያም ስማርት ላይፍ በተባለው የስልክ መተግበሪያ አማካኝነት በቤት ዋይፋይ ይታዘዛል። የሚሸከመው 10 አምፔር ሲሆን ይህም በእኛ 220 ቮልት ሲሰላ 2,200 ዋት ይሆናል፤ የኤልኢዲ መብራት ለሚጠቀም ሰው ከበቂ በላይ ነው። የሚቀበለው የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ስለሆነ አልገናኝ ካለ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሱቅ ከመመለስ በፊት ስልኩ በየትኛው ሞገድ ላይ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሶኬቱ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። መተግበሪያው ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ ኃይል ሲመለስ ይብራ፣ ይጥፋ ወይም እንደነበረ ይቀጥል። የመጨረሻው ትክክለኛ ይመስላል፤ ነገር ግን መብራት ምሽት 1 ሰዓት ሄዶ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢመጣ፣ የማጥፊያው ሰዓት በጨለማው መካከል አልፏልና አጥሩ በሙሉ በርቶ ያድራል። ስለዚህ «ይጥፋ» የሚለውን መርጬ፣ የማብሪያውን ትእዛዝ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ እንዲደጋገም አደረግሁ። ኃይል በየትኛውም የምሽቱ ሰዓት ቢመለስ የሚቀጥለው ትእዛዝ ደርሶ ያበራዋል፤ ማጥፊያው ከሆነው ከ4 ሰዓት በኋላ ቢመለስ ግን ጠፍቶ ያድራል። ሶኬቱ ባትሪ ያለው ሰዓት በውስጡ ስለሌለው ኃይል ሲመለስ ጊዜውን ከኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ኢንተርኔቱ ካልመጣ ትእዛዙን በሰዓቱ አይፈጽምም። ያን ጊዜ ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ በእጅ መጫን ነው፤ ይህ ቁልፍ ያለ ዋይፋይም ስለሚሠራ ቁልፍ የሌለውን ዓይነት እንዳትገዙ እመክራለሁ።

ሻጮች አብዝተው የሚያሞግሱት ፀሐይ ስትጠልቅ በራሱ የሚበራበት ስልት ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ያን ያህል አያስፈልግም። ከምድር ወገብ ብዙ ስላልራቅን የፀሐይ መጥለቂያ በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው፤ በገና ሰሞንም ጀንበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ቋሚ ሰዓት መሙላት ይበቃል።

መተግበሪያው የእኛን ሰዓት አቆጣጠር ስለማያውቅ ምሽት 12 ሰዓት ተኩልን 18:30 ብሎ መሙላት ግድ ነው፤ ለእናት ለአባት ስታስረክቡት ይህን በወረቀት ጽፎ መተው ይጠቅማል። ቀኑም እንዲሁ በፈረንጆቹ ነው። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28፣ በሌሎቹ ዓመታት 29 ስለሚከበር በእነርሱ አቆጣጠር ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል፤ ጥምቀት ግን ጥር 11 ስለማይለወጥ በእነርሱ አንዳንዴ 19፣ አንዳንዴ 20 ይሆናልና በየዓመቱ መታየት አለበት። ለገና ዋዜማ የተለየ ትእዛዝ ሰጥቼው ነበር፦ 4 ሰዓት ላይ ጠፍቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንደገና እንዲበራ። ቅዳሴ አድረው ነጠላቸውን ተከናንበው የሚመለሱት ጎረቤቶቻችን የመንገድ መብራት በሌለው የውስጥ ለውስጥ መንገድ በዚያ ብርሃን ሲያልፉ ማየት ከዕቃው ያገኘሁት ትልቁ ደስታ ነው።

ዝናብን በተመለከተ ግን ጥብቅ መሆን ያሻል። የእኛ ሶኬት ላይ የተጻፈው የአቧራና የውኃ መከላከያ ደረጃ አይፒ 20 ነው፤ ሁለተኛው አኃዝ ዜሮ መሆኑ ከውኃ ምንም መከላከያ እንደሌለው ይናገራል። በበጋ፣ ከበረንዳ ጣሪያ ሥር፣ ለገናና ለጥምቀት ያገለግላል። ዝናቡ ገና ሳይወጣ ለሚመጣው እንቁጣጣሽ ወይም ለመስቀል አጥር ላይ ሊያውሉት ያሰቡ ግን ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን የሚቋቋመውንና ክዳን ያለውን አይፒ 44 ይጠይቁ፤ ሻጩ «ችግር የለውም» ቢል እንኳ ቁጥሩ በዕቃው ገላ ላይ መታተሙን በዓይን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።