የተነሣው ባሕር ዛፍ፦ አጣና ይሁን ወይስ ፍልጥ?

ሀገር በቀሉ ዛፍ እንዲያገግም ከቤተ ክርስቲያን ደን ዳር ባሕር ዛፍ ሲነሣ ብዙ እንጨት ይተርፋል። ገቢው ለአቅመ ደካሞች ከሆነ፣ በምን መልክ ይሸጥ?

በዋጋ አጣናና ማገር ይሻላል። ቀጥ ያለውን ለይቶ፣ ቅርንጫፉን መልምሎ፣ ቅርፊቱን ልጦ በውፍረት መደርደር ነው። ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ቀጥ ማለቱን ነው። እርጥቡ ፀሐይ ላይ ከተጣለ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ስለዚህ ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ነጋዴ መኪና ይዞ ከመጣ በአንዴ ይጭነዋል፤ ሒሳቡም ሽያጩን ለሚመራው ኮሚቴ ቀላል ነው።

ፍልጥ ጠማማውንም ቁርጥራጩንም አይንቅም። ግን ጉልበት ይበላል፣ እስኪደርቅም ወራት ይፈጃል። እርጥቡን የገዛ ሰው የሚተርፈው ጭስ ነው። ደስ የሚለው ግን ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ደጃፍ በቀጥታ መድረስ መቻሉ ነው።

እኔ ቀጥ ያለው ለአጣና፣ የቀረው ለፍልጥ ይሁን እላለሁ። ጭራሮው ለአካባቢው እናቶች በነፃ ይሰጥ። ደግሞ ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ለጉቶ ማስነቀያ፣ ለጥድና ለወይራ ችግኝ የሚሆነው ብር ከሽያጩ ላይ ቀድሞ ተቀንሶ ይያዝ።