አንድ እንጀራ በሦስት «አባታችን ሆይ»

ቤታችን አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከገባ ሰባት ወር ሆነው። «ከየት ገዛሽው? እንዴት ነው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ለቸኮለ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ጥሩ ምጣድ ነው፣ ግዙ። ጊዜ ያላችሁ ግን አብራችሁኝ ቆዩ። ምጣዱን በደንብ የፈተነችው እማዬ ናት፣ የእሷ መለኪያ ደግሞ ከሌላው ሰው ይለያል።

እማዬ እንጀራ ስትጋግር ሰዓት አታይም። በስመ አብ ብላ ታማትባለች፣ ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሀል እያዞረች ታፈሳለች፣ ዓይን ማውጣት ሲጀምር አክምባሎውን ትከድናለች። ከዚያ «አባታችን ሆይ» ትጀምራለች። አትቸኩልም። አንዱን ጨርሳ ሌላውን ትደግማለች፣ የመጨረሻዋ «አሜን» ላይ ክዳኑ ይነሳል። በድሮው ምጣዳችን አንድ እንጀራ አምስት «አባታችን ሆይ» ይፈጅ ነበር፣ መብራቱ ከደከመ ደግሞ ስድስትም ሰባትም ይሄዳል። በአዲሱ ሦስት ነው። ሰባት ወር ሙሉ ሦስት ነው። እኔ በስልኬ ለክቼው ሁለት ደቂቃ ከትንሽ ሆኖ አገኘሁት፣ እማዬ ግን ስልኩን አላመነችውም።

የድሮውን የገዛነው ከአንድ የቤት ዕቃ መደብር ነው። ሲያዩት ያምር ነበር። ክዳኑ ያብረቀርቃል፣ ቀይ መብራት አለው፣ የአንድ ዓመት ዋስትና ተብሎም ወረቀት ተሰጥቶናል። በአምስተኛው ወር ከመሀል እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ተሸክመን ስንመልሰው «ሸክላ ዋስትናው ውስጥ አይገባም» አሉን። ምጣድ ማለት እኮ ሸክላው ነው! በጣም ተናድጄ መንገዱን ሙሉ ስነጫነጭ እማዬ «የተሰነጠቀው ምጣዱ ነው ልጄ፣ እኛ ደህና ነን፣ ተመስገን በይ» አለችኝ። ሊጡ ስንጥቁ ውስጥ እየገባና እያረረ፣ እንጀራው መሀል ለመሀል እየተቀደደ፣ እዚያው ላይ አንድ ዓመት ተኩል ጋገርን።

እማዬ ለምን እንደዚያ ቶሎ ተመስገን እንደምትል ለመረዳት እኔ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ያደገችው መንዝ ነው። እዚያ ደጋ ላይ እንጨት እንደልብ አይገኝም፣ በኩበት ነው የሚጋገረው። አዲስ አበባ ገብታም ረጅም ጊዜ በሦስት ጉልቻ ላይ በቅጠልና በጭራሮ ጋግራለች፤ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ከሚወርዱት እናቶች ነበር የምትገዛው። ከልጅነቴ የማልረሳው፣ ጭስ በሞላው ማድ ቤት ጎንበስ ብላ እሳቱን እፍ ስትልና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ነው። የምታለቅስ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን «እማዬ፣ ማን መታሽ?» ብዬ ጠየቅኳት አሉ። «እንጀራ መታኝ» ብላኝ እየሳቀች አቀፈችኝ። ዛሬ ምጣዱ ሶኬት ላይ ተሰክቶ እስኪግል 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ያንን ጊዜ እኔ ስልክ እያየሁ አሳልፈዋለሁ። እሷ ጭስ የሌለበት ማድ ቤት ውስጥ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗ ሳያነባ፣ ታመሰግንበታለች።

ወደ ግዢው ልመለስ። መርካቶ ሄድን። ዋጋውን አልጽፍም፣ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ዛሬ የምነግራችሁ ነገ አይሠራም። የገባንበት ሱቅ ጠባብ ነው፣ ምጣዶቹ ተደራርበው እስከ ጣሪያ ደርሰዋል። እማዬ ቀይ መብራቱንም የሚያብረቀርቀውን ክዳንም አላየችም። ሸክላውን በጣቷ አንጓ መታ መታ አድርጋ ጆሮዋን ሰጠችው። አንዱ ደነቆረ፣ አለፈችው። ሁለተኛውም አላስደሰታት። ሦስተኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «ይሄ ሸክላ የየት ነው ልጄ?» አለች። «የቀጨኔ ነው ማዘር» አለ ሻጩ። የቀጨኔ ሴቶች በሸክላ ሥራ የታወቁ ናቸው፣ እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ ፈታ አለ። ቀጥላ «አንተ ቤትስ የሚጋገረው በዚህ ነው?» አለችው። «ባለቤቴ በዚሁ ነው የምትጋግረው፣ ዋሽቼ ከሆነ እንጀራዬ ይቆረጥ!» አለ። «አትማል ልጄ፣ አዎ ካልክ ይበቃል፤ ወንጌሉም የሚለው አዎን አዎን ነው» አለችው። ሰውዬው ሳቅ አለና «እሺ ማዘር፣ አዎ» አላት። ከፍለን ስንወጣ «በጸሎትዎ ያስቡኝ» ብሎ በሩ ድረስ ሸኘን። ይህን ሰው ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ምጣዱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ሻጩ ገልብጦ እንዳሳየን ሸክላው ከሥሩ ቦይ ቦይ ሆኖ ተፈልፍሏል፣ ሽቦው እዚያ ውስጥ ተዘርግቶ በጀሶ ይደፈናል። ጥሩውና መጥፎው ምጣድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቦዮቹ እኩል ካልተራራቁ እንጀራው አንድ ጎኑ እያረረ ሌላው ጥሬ ይቀራል። የእኛ ዳሩ ትንሽ ቢቀዘቅዝም ሌላው ሁሉ እኩል ይግላል፣ ሠርገኛ ጤፉ ሲጋገርበት ዓይኑ ከዳር እስከ ዳር ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህ ዕቃ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር በሚያገለግል ኤክስቴንሽን ላይ አትሰኩት። እኛ በድሮው ምጣድ ጊዜ እንዲሁ አድርገን ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቁሯል፣ እሳት ሳይነሳ የተረፍነው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። አሁን ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ለብቻው ወፍራም መስመር አስጎትተናል። የምጣዱን ገንዘብ ስትቆጥሩ የመስመሩንም አብራችሁ ቁጠሩ።

ማሟሸቱን አትዝለሉት። እማዬ ጎመን ዘር ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በማሰሻ ጨርቅ እያሸች ሁለት ቀን ሙሉ አስተካከለችው፤ ሸክላው ጠቁሮ እስኪለሰልስ ድረስ። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው እንጀራ ሳይዝ፣ ሳይቀደድ ተነሳ። «ማሟሻው እንኳን አልተበላሸም!» ብላ እልል አለች፣ ጎረቤታችን ልጅ የተወለደ መስሏት እየሮጠች መጣች። ትኩሱ እንጀራ በበርበሬና በዘይት ተቀብቶ ለእሷም ደረሳት። የጾም ቀን ነበር እንጂ ቅቤ ይገባው ነበር።

አሁን ስለ ልጄ ልንገራችሁ። አምስት ዓመቷ ነው። እማዬ ስትጋግር አጠገቧ ቁጭ ብላ እንጎቻዋን ትጠብቃለች፣ አብራም «አባታችን ሆይ» ትላለች። ከብዙ መስማት የተነሳ ጸሎቱን በቃሏ ያወቀችው ምጣድ ዳር ነው። አንድ ቀን ክዳኑ እንደተከደነ ጠየቀች።

«እማማ፣ ለምንድን ነው "ለዛሬ" የምንለው? የነገውንም አብሮ አይሰጠንም?»

«የኔ እናት፣ የነገውን ነገ እንለምነዋለን። እሱ አይሰለቸውም።»

«እኛ ግን የሦስት ቀን ነው የምንጋግረው።»

እማዬ ሰፌዱን እንደያዘች ቆም አለች። አሰበች። «ለሱም ብሎ ነው ፍርፍርን የሰጠን» አለቻት። እኔ ሳሎን ሆኜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ልጅቷ ግን መልሱን ከልቧ ተቀበለችው፣ አሁን ቁርስ ላይ ፍርፍር ሲቀርብ «የነገው መጣ» ትላለች።

በግዕዙ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ነው የሚለው። ሲሳይ የሚበላውን ሁሉ ይይዛል። አማርኛው ግን «የዕለት እንጀራችንን» አለ፣ ልክ እማዬ ማድ ቤት ገብቶ እንደተተረጎመ። ልጄ ይህን ቃል ስትል እህሉን እያየችው፣ እየሸተታት፣ እንፋሎቱ ፊቷን እየመታት ነው። እኔ ይህን ጸሎት ስንት ዓመት አንድም እንጀራ ሳይታየኝ ደግሜዋለሁ!

ምጣዱ ትልቁን ፈተና ያለፈውም በዚህ ጸሎት ላይ ነው። አንድ ማታ ስምንተኛው እንጀራ እንደተከደነ መብራት ድርግም አለ። ገና አሥራ ሁለት እንጀራ የሚሆን ሊጥ አለ። ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ከበርጩማው በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ፦ «የዕለት መብራታችንን ስጠን ለዛሬ።» እማዬ ሳቅ አፍኗት ግድግዳውን ተደገፈች። በሞባይል ባትሪ እያበራን ክዳኑን ስናነሳው እንጀራው በስሏል። እማዬ ደፍራ ሌላ አፈሰሰች። እሱም አምስት «አባታችን ሆይ» ፈጅቶበት በሰለ። ሸክላው ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል ማለት ነው። መብራቱ ከ40 ደቂቃ በኋላ መጣ፣ ማን እንዳመጣው ልጄን ጠይቋት። ከዚያ ወዲህ እማዬ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ሶኬቱን ነቅላ ነው የምትጋግረው። ለቆጣሪው ጥሩ ነው።

ለኅዳር 12፣ ለሚካኤል ዝክር፣ ድፎ ዳቦም ሞክረንበታል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የእሳቱን መጠን መቀነሻ የለውም፣ ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ዳቦው ከሥር ቶሎ ያርራል። እኛ ኮባውን ደርበን አንጥፈን፣ ሶኬቱን እየነቀልን እየሰካን ነው ያወጣነው። ወጥቷል፣ ካህኑም ባርከው ቆርሰውታል፣ ግን እማዬ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። ዋና ሐሳባችሁ ዳቦ ከሆነ ሌላ ዕቃ ፈልጉ።

ሌላ ያልወደድኩለት ሲገዛ ገመዱ አጭር መሆኑ ነበር። የክዳኑ እጀታም ይግላል፣ ያለ ጨርቅ አይነካም። በጋለው ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳታፈሱ፣ ይሰነጠቃል።

እህቴ ሜሪላንድ ናት፣ የምትጋግረው በ16 ኢንች የፈረንጅ መጋገሪያ ነው። በቪዲዮ ስትደውል እማዬ ሰላምታ እንደጨረሰች «ያንቺስ ስንት አባታችን ሆይ ነው?» አለቻት። እህቴ በማግሥቱ ለክታ ደወለች። «አራት» አለች። «ተመስገን፣ አልከፋም» አለች እማዬ። ለእህቴ ግን ሌላ ነገር ሆኖላታል። ብቻዋን በምትኖርበት አፓርታማ ውስጥ እንደዚያ ጮክ ብላ ከጸለየች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ነገረችኝና ሁለታችንም ስልኩ ላይ ዝም አልን።

እማዬ በምጣዱ ላይ አንድ ቅሬታ አላት፣ እሱንም ልጻፈው። «ጸሎቴን አሳጠረብኝ» ትላለች። አንዴ ስትጋግር ሃያ እንጀራ ነው። በድሮው መቶ «አባታችን ሆይ» ትደግም ነበር፣ በአዲሱ ስድሳ ብቻ ሆነ። አርባው ቀረባት። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ እሷ ግን እውነቷን ነው፣ ሁለት ሳምንት ያህል ከፍቷት ነበር። በኋላ መላ አገኘች። ለእያንዳንዱ እንጀራ ባለቤት ሰጠችው። ሊጡን ከማፍሰሷ በፊት፣ ምጣዱን በማሰሻ እየጠረገች፣ የአንድ ሰው ስም ታነሳለች። የመጀመሪያው የአባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማር። ሁለተኛው የእህቴ። የባለቤቴ አለ፣ ኩላሊቷን የታመመችው ጎረቤት አለች፣ ስሟን የማናውቀው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የምትቀመጠው እናትም አለች፤ የእሷ እንጀራ ታጥፎ በፌስታል እሁድ ጠዋት ይሄድላታል።

በአራተኛው ወር የገመዱ ጫፍ ሶኬቱ ጋ ተቃጠለ። ለሻጩ ደወልኩለት። የድሮውን መደብር አስታውሼ ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር። ሰውዬው በሦስተኛው ቀን ራሱ ቤታችን መጥቶ ወፍራም ገመድ ቀየረልን፣ አርዝሞም ሠራው። ሒሳብ ስለው «ማዘር እየጸለዩልኝ አይደል?» ብሎ እምቢ አለ። ቡና ጠጣ፣ ትኩስ እንጀራ በሽሮ በላ፣ መርቃው ሄደ።

ትናንት እማዬ ስትጋግር ልጄ እንደ ልማዷ ትጠይቃታለች።

«ይሄኛው የማን ነው እማማ?»

«ይሄ አሥራ ሰባተኛው አይደል? የምጣዱ ሰውዬ ነው።»

ሦስት «አባታችን ሆይ» አሉለት። ክዳኑ ሲነሳ ልጄ ከበርጩማዋ ተነስታ ጎንበስ ብላ አየችው።

«የሱ ዓይኑ እንዴት ያምራል!» አለች።