የአበባ ስም በፎቶ የሚነግረው አፕ፦ ከ5 ኮከብ 3

ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ ፎቶ ስታስገቡለት የአበባውን ስም የሚነግራችሁን አንድ አፕ ከክረምት ጀምሮ እየተጠቀምኩበት ነው። መንዝ ጓሳ ያነሳሁትን ጅብራ ወዲያው ሎቤሊያ ብሎ ሲነግረኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ችግሩ የመጣው ፕሪሙላ የሚባለው የአበባ ወገን ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ሰሜን ተራሮች ሄዶ ውሃ ከሚንጠባጠብበት ገደል ላይ ያነሳትን ቢጫ አበባ ልኮልኝ ሳስገባት "የኪው ፕሪሙላ" አለኝ! እሱ እኮ በፈረንጆቹ 1900 አካባቢ ለንደን ኪው አትክልት ስፍራ የተገኘ ዲቃላ የግሪንሃውስ አበባ ነው፣ ሰሜን ገደል ላይ ምን ሊሰራ ይመጣል? እርግጥ አንዱ ወላጁ እዚያ ገደል ላይ በዱር የምትበቅለው ፕሪሙላ ቨርቲሲላታ ራሷ ስለሆነች ይመሳሰላሉ፣ ግን ቦታውን ማየት ነበረበት።

ልጁን ለምኜው ከጎን ያነሳትን ላከልኝ፣ ረጅሙ ቀጭን የአበባው ቱቦ፣ አበቦቹ ደግሞ አገዳውን ዙሪያውን ከበው ደርብ በደርብ ሲወጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሎኬሽኑን ኢትዮጵያ ብዬ ሞላሁት፣ ያኔ ቨርቲሲላታ አለ። እባካችሁ ከላይ ብቻ አታንሱ፣ ቅጠሉንም አገዳውንም ጨምሩ።

ያለ ዳታ አይሰራም፣ የጓሳዎቹን ፎቶዎች ቤት ገብቼ ነው የጫንኳቸው። ሎኬሽን ሳይሞላ ስም መስጠቱን ቢያቆም 5 ኮከብ እሰጠው ነበር።