ያገለገለ ዕቃና ቁርጥራጭ ብረት ለጓሮ አንጥረኝነት፦ ደሴ ላይ ከወራት ሥራ በኋላ

ደሴ ውስጥ፣ ጓሮዬ ባለች የቆርቆሮ ዳስ ሥር ብረት መቀጥቀጥ ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ዕቃዎቼ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያገለገሉ ናቸው። ከጋራዥ፣ ከቁራሌው፣ ከብየዳ ቤት ደጃፍና ከገበያ የተለቀሙ። የትኛው እንደጸና፣ የትኛው እንዳልበረከተ አሁን ለይቼ መናገር እችላለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለመስፍ (ብረት ለሚቀጠቀጥበት መቀመጫ) እና ለሞርሳ (ብረት ጨምድዶ ለሚይዘው) ጊዜም ገንዘብም አትቆጥቡ። ምድጃውን፣ ማራገቢያውንና ጉጠቱን ከቁርጥራጭ ሥሩት፣ ምንም አይጎድልባችሁም። ግራይንደር ግን ሰልባጅ አትግዙ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የምትቀጠቅጡት ብረት ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ተማሩ። ዕቃ ሁሉ ተሟልቶ ብረቱ የተሳሳተ ከሆነ ማጭዱ በመጀመሪያው አጨዳ ይታጠፋል።

ከመስፉ ልጀምር። ፋብሪካ የሠራው ትክክለኛ መስፍ እኛ አካባቢ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። የኔ መስፍ የአሮጌ ኤንትሬ ጭነት መኪና የኋላ አክስል ዘንግ ነው። ከጎማው ጋር በብሎን የሚታሰረው ክብ ራሱ ወደ ላይ ሆኖ ዘንጉ ግንድ ውስጥ ተቀብሯል። አንድ ክንድ የማትሞላ ጠባብ ፊት ነች፤ ቢሆንም ትሠራለች። ምክንያቱም መስፍን መስፍ የሚያደርገው ስፋቱ ሳይሆን ከመዶሻው በታች ቀጥ ብሎ የሚገኘው ክብደት ነው። ረጅም ብረት አግድም ከምታስተኙ አቁማችሁ ብትጠቀሙበት ምቱ ወደ ብረታችሁ ይመለሳል እንጂ ወደ ጎን አይባክንም።

ከወራት በኋላ እንዲህ ሆነ። መሃሉ፣ ዘንጉ የሚደግፈው ቦታ፣ ጥቂት ጎድጎድ ከማለቱ በቀር ደህና ነው። ዳር ዳሩ ግን ይነዝራል፣ መዶሻውን በደንብ አይመልስም። ስለዚህ ከባዱን ሥራ መሃል ላይ፣ ማጠፍና ማስተካከሉን ዳር ላይ እሠራለሁ። የዳሩ ጠርዝ በምት ብዛት ወደ ውጭ ተዘርግቶ ስለነበር በዲስክ ከርክሜዋለሁ። ይህን ችላ አትበሉት፤ የተዘረጋው ጠርዝ ተሰብሮ እንደ ጥይት ሊፈናጠር ይችላል። ያላሰብኩት ጥቅም ደግሞ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ናቸው። ብረት ስበሳ ከሥሩ ባዶ ቦታ ስለሚያስፈልግ በቀዳዳው ላይ አስቀምጬ እመታለሁ። ለዶማ ዓይን ማውጫ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ግንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የኔም ተሰነጠቀ። የጠፍጣፋ ብረት ቀለበት አግዬ አለበስኩትና ብረቱ ሲቀዘቅዝ አጥብቆ ያዘው። ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም።

አክስል ካጣችሁ ማንኛውም ድፍን፣ ከባድ፣ የማይሰበር ብረት ይሆናል። የቀለጠ ብረት፣ ማለትም እንደ ፍሬን ታምቡር ወይም የሞተር ብሎክ ተቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው፣ አይሆንም። በምት ይፈረከሳል። የፊቱን ጥንካሬ መፈተኛው ደግሞ ቀላል ነው። ከአሮጌ ኩሽኔታ ውስጥ አንድ ኳስ አውጡና ኪሳችሁ ያዙ። ከአንድ ስንዝር ከፍታ ልቀቁት። ነጥሮ ወደ እጃችሁ የሚጠጋ ከሆነ ፊቱ ጠንካራ ነው። ድብ ብሎ ከቀረ ለስላሳ ነው ወይም ከውስጥ ተሰንጥቋል።

ሰው ሁሉ የሚያወራለት የባቡር ሐዲድ ነው። እውነት ነው፣ ሐዲድ ጥሩ ብረት ነው። ግን በኛ በኩል ያለው ሐዲድ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ነው፣ እሱም አሮጌ ውዳቂ አይደለም። ቁራጩን ይዞ የሚመጣ ሰው ከየት እንዳመጣው መገመት አያቅትም። የኤሌክትሪክ ታወር አንግልም እንዲሁ። አንድ ታወር ተፈትቶ ሲወድቅ ስንት ከተማ እንደሚጨልም እናውቃለን። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ብረት አልገዛም፣ ማንም እንዲገዛ አልመክርም።

ሞርሳ ላይ ብዙ አልቆይም። ያገለገለ ሞርሳ ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ፦ የብየዳ ጠባሳ፣ የጠመዝማዛው ጥርስ፣ የመንጋጋው አገጣጠም። ተበይዶ የተጠገነ ሞርሳ ይመለሳል እንጂ አይገዛም፤ ያው ቦታ ደግሞ ይሰነጠቃል። እኔ ያገኘሁት አሮጌ ሞርሳ በአዲሱ የቻይና ሞርሳ ግማሽ ዋጋ ግድም ወጣ፣ እስካሁንም እንደ ጥርስ ይዟል። በላዩ ላይ ግን በከባድ መዶሻ አልቀጠቅጥም።

ምድጃዬ የአይሱዙ ፍሬን ታምቡር ነው። ከሥሩ ቱቦ ገብቶለት፣ ውስጡ በጤፍ ጭድ በተቦካ ጭቃና በአመድ ተለስኗል። ጭቃው ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል፣ እንደገና መለሰን ነው። ታምቡሩ ራሱ ችግር የለበትም፣ አንድ ነገር ብቻ ይፈራል፦ ግሎ ሳለ ውሃ። የክረምት ዶፍ በጋለ ታምቡር ላይ ከወረደ ይሰነጥቀዋል። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው ጣሪያውን አስቀድሞ ያበጃል።

ማራገቢያው በጣም የወደድኩት ዕቃ ነው። ከተጣለ መኪና የወጣ የማሞቂያ ፋን ነው፣ በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። አየሩን የምቆጣጠረው በቱቦው አፍ ላይ በምታንሸራትት የላሜራ ክዳን ነው። ከሰል ብዙ አየር አይፈልግም። አየር ሲበዛ ከሰሉም ያልቃል፣ ብረቱም ይቃጠላል፤ ነጭ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ አልፎበታል። የአባቶቻችን የፍየል ቆዳ ወናፍ ይህን በእጅ ስሜት ይመጥን ነበር። ወናፍ የሚነፋ አንጥረኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

ከሰሉ በባቲ በኩል ከቆላ የሚወጣ ቢሆን እመርጣለሁ። የግራርና የፕሮሶፒስ (የቆላው እሾሃማ ዛፍ) ከሰል ከባድ ነው፣ ይቆያል። የባሕር ዛፍ ከሰል ቶሎ ያልቃል፣ ይፈነጣጠራልም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ብረቱ።

ወሎ በዚህ ዕድለኛ ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ባሌስትራ (የመኪናውን ክብደት የሚሸከመውን ስፕሪንግ ብረት) ይሰብራል። ስለዚህ የኮምቦልቻ ጋራዦች ጓሮ የባሌስትራ ክምር አይጠፋም። ባሌስትራ ደግሞ ለማጭድ፣ ለቢላዋ፣ ለማረሻና ለዶማ ከዚህ በላይ የማይፈለግለት ብረት ነው። 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ይጠነክራል፣ ግን እንደ መስታወት አይሰበርም። አንጥረኞቻችን ማረሻን ከባሌስትራ ሲሠሩ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን የተሰበረ ባሌስትራ ሁሉ እኩል አይደለም። ዓመታት ሲታጠፍ ሲቃና የኖረ ብረት በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይይዛል፣ በተለይ በመሃሉ ቀዳዳና በስብራቱ አካባቢ። ከስብራቱ ራቅ ብላችሁ ቁረጡ። ዝገቱን በደንብ አጽዱና በጎኑ ጸጉር የመሰለ መስመር ካያችሁ ያንን ክፍል ለሌላ ተራ ሥራ አውሉት። ከአንድ ባሌስትራ የሠራኋቸው ሁለት ማጭዶች ዘመዶቼ ዘንድ አንድ ሙሉ አጨዳ ወጥተዋል፣ ሞረድ የነካቸው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ያልታወቀ ብረት ሲያጋጥም መጀመሪያ ዲስክ አስነኩትና ብልጭታውን ተመልከቱ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ቅርንጫፍ የሌለው ብልጭታ ካርቦኑ ትንሽ ነው ማለት ነው፤ ፌሮ (የግንባታ ብረት) ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ብልጭታው ጫፉ ላይ እየፈነዳ ኮከብ ኮከብ ከሆነ ካርቦኑ ብዙ ነው። አሮጌ ሞረድና ኩሽኔታ እንዲህ ይረጫሉ፣ 1 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ ካርቦን አላቸው። ባሌስትራ በመሃል ነው። ከታወቀ ብረት ትንንሽ ቁራጭ አስቀምጣችሁ ጎን ለጎን ብታነጻጽሩ ዓይናችሁ ቶሎ ይለምዳል።

ቁርጡን የሚነግረው ግን የስብራት ፈተና ነው። ትንሽ ቁራጭ ውሰዱ፣ አግሉት፣ ማግኔት እያስጠጋችሁ ሞክሩ። 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ትንሽ ጨምሩበትና ውሃ ውስጥ ክተቱት። ከቀዘቀዘ በኋላ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ምቱት፣ መነጽር አድርጋችሁ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ይጠነክራል፣ ለስለት ይሆናል። ከታጠፈ ለጉጠት፣ ለማጠፊያ፣ ለበር መቀርቀሪያ አውሉት። ጉጠቶቼ ሁሉ ከፌሮ ናቸው፣ ምንም አላሉም።

ለእውነተኛው ሥራ ባሌስትራን ውሃ ውስጥ አልከትም፣ ይሰነጥቀዋል። ያገለገለ የምግብ ዘይት ሞቅ አድርጌ እጠቀማለሁ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በየጋራዡ በነጻ ይገኛል፣ ግን ጭሱ መርዛማ ነው፤ ለደረታችሁ እዘኑለት። ከዚያ ማለስለሱ አለ፦ የጠነከረው ብረት እንዳይሰበር መልሶ በመጠኑ ማሞቅ። ለምግብ የማይውል አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አስቀምጬ ከድኜው ቀለሙን እጠብቃለሁ። 200 ዲግሪ አልፎ የገለባ ቢጫ ሲሆን ለቢላዋ ይበቃል። ድንጋይ ለሚመታው ለዶማ ግን ወደ ሰማያዊ እስኪጠጋ፣ 300 ዲግሪ አካባቢ ድረስ፣ በፍሙ አጠገብ እገፋዋለሁ።

ግራይንደሩን ነገር ልጨርስ። ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ያገለገለ ግራይንደር መከለያው የለም፣ ኩሽኔታው ይጮሃል፣ የሞተሩ ካርቦን (ብሩሹ) ደጋግሞ ያልቃል። በመጨረሻ ውስጡ ተቃጠለ። ለጥገና የወጣው ሲደመር የአዲሱን ዋጋ ይጠጋል። ከዋጋው ይልቅ ያሳሰበኝ መከለያው ነው። የተሰበረ ዲስክ ፊት አይመርጥም። ይህን አንዱን አዲስ ግዙ።

የማይገዛውንም መናገር አለብኝ፣ በተለይ እዚህ። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ ብዙ የወሎ ቦታዎችን ከነካ ወዲህ በቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ የማይታወቅ ነገር ሊገኝ ይችላል። ቀለህ የሚመስል፣ ሾጣጣ፣ ክንፍ ያለው ወይም የተደፈነ ቱቦ ካያችሁ አትንኩት፣ አታንሱት፣ ለፖሊስ ተናገሩ። ልጆች ብረት ለቁራሌው ለመሸጥ እንደሚለቅሙ አትርሱ፤ ንገሯቸው። የተደፈነ ነገር ሁሉ እሳት ውስጥ ቦምብ ነው፦ ሾክ አብዞርበር፣ ሁለት አፉ የተበየደ ቱቦ፣ የነዳጅ ጋን።

ዚንክ የተቀባ ቱቦና ቆርቆሮም እሳት አይንካው። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ምድጃችን ደግሞ ከዚያ በላይ ይሄዳል። ነጩን ጭስ የሳበ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። ወደ ቆላው ላለ ሰው ወባ ይመስለዋል። ወተት ጠጡ የሚባለው አይከላከልም። ንጹሕ አየርና ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

ከየት ይገዛ? ለባሌስትራ፣ ለአክስልና ለታምቡር ኮምቦልቻ ውረዱ። ጋራዦቹ ብረቱን በኪሎ ለሚያስጭን ነጋዴ ከመስጠታቸው በፊት ቁጭ ብላችሁ ብትመርጡ አይከለክሏችሁም፣ ሻይ ብትጋብዙ ደግሞ ያስመርጧችኋል። ለሞረድ፣ ለመዶሻ ራስና ለአሮጌ ፒንሳ ቁራሌውን ወዳጅ አድርጉ። ምን እንደምትፈልጉ ካወቀ ያስቀምጥላችኋል። እኔ ኪሎ ግድም የሚመዝን መዶሻ ራስ ያገኘሁት እንዲህ ነው፣ የወይራ እጀታ ገባለት።

አንድ ምክር ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ወደ አንጥረኞቹ ራሳቸው ሂዱ። እነዚህ ሰዎች አገር ያረሰበትን ማረሻ እየሠሩ "ቡዳ" ሲባሉ ኖረዋል። ይህ ግፍ ነው። እውቀታቸውን ስትጠይቁ በአክብሮት ጠይቁ፣ ጊዜያቸውንም ክፈሉ። ብልጭታ ማንበብ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ባሌስትራዬን አገላብጠው አይተው "አብሽር ልጄ፣ ይሄ ሰው ያበላል" አሉኝ። ከማንም የሰማሁት አድናቆት እንዲህ አላስደሰተኝም።

ባቲ ሰኞ ገበያዋ ነው። አንጥረኞች የሠሩትን ማጭድ፣ ቢላዋና ጊሌ (የአፋር ጩቤ) ይዘው ይወጣሉ፣ አልፎ አልፎም አሮጌ መዶሻና ጉጠት ይሸጣል። ማግኔት ኪሳችሁ ይዛችሁ፣ ፀሐዩ ሳይከር በጠዋት ድረሱ። ጥሩው ዕቃ ቀድሞ ነው የሚነሳው።