ተሰርቃ የተገኘች መኪና ከጨረታ ልትገዙ ላሰባችሁ፤ መጀመሪያ ለጋሼ ደውሉ

እንደምን ከረማችሁ፣ የሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና የአካባቢው ወገኖቼ። ብዙ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ይህን ግን ሳልናገር ብቀር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። አንድ የሀገራችን መካኒክ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ ብቻቸውን ስለሚሠሩ ሥራ እንዳይበዛባቸው ብለው ነው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው።

እኔ የምሠራው ሌሊት ነው፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ። ሦስት ዓመት ሙሉ በብርድ አውቶቡስ ጠብቄአለሁ። ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ ስወጣ ተኝታ፣ ስመለስ ትምህርት ቤት ሄዳ። መኪና የፈለግኩት ለዚህ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም።

ከጋሼ በፊት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ መኪና ከጨረታ አወጣለሁ የሚል ሰው ነበር። ስሙን አላነሳም፣ ልጆች አሉት። «ተሰርቃ የተገኘች ናት፣ ሌባው ትንሽ ነድቶ ነው የጣላት፣ ከቁልፍ ማስገቢያዋ በቀር ምንም አልሆነችም» አለኝ። ፎቶ ላከልኝ፤ ፎቶው በሙሉ ከአንድ ጎን የተነሳ መሆኑን ያየሁት በኋላ ነው። «ባለቤትሽ ቅዳሜና እሁድ ኡበር፣ ያው በስልክ የሚጠራው ታክሲ፣ ይሠራባታል፣ በስድስት ወር ዋጋዋን ትመልሳለች» ሲለኝማ ያጠራቀምኩትን ሁሉ አውጥቼ ሰጠሁት።

መኪናዋ ስትመጣ የመሪው ኤርባግ የለም። ባዶውን ቦታ በጨርቅ ሞልተው ክዳኑን አጣብቀውበታል። ከዳሽቦርዱ ስር ገመዱ ሁሉ ተበጣጥሷል። ያሳየሁት ጋራዥ ሁሉ የተለያየ ዋጋ ይጠራል፣ አንዱ የጠገነውን ሌላው ያፈርሰዋል። በዚያ ላይ ኡበርም፣ እንደ እሱ ያለው ሊፍትም ታይትሏ (የባለቤትነት ወረቀቷ) ላይ ሳልቬጅ፣ ማለት ኢንሹራንስ ከፍሎ የተዋት፣ ወይም ሪቢልት፣ ማለት ከዚያ በኋላ ተጠግና የተመለሰች፣ የሚል ያለባት መኪና እንደማይቀበሉ የሰማሁት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ለሰውዬው ስደውል አንድ ቀን «መንገድ ላይ ነኝ» አለኝ፣ ከዚያ ወዲያ አላነሳም። በመጨረሻ ለብረት ሸጥኳት። ያን ቀን እቤት ገብቼ ለባለቤቴ ምን ብዬ እንደምነግረው ጨንቆኝ መታጠቢያ ቤት ቆልፌ አለቀስኩ። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው። የእኔ ሰው፣ በእኔ ቋንቋ፣ «እህቴ» እያለ መሆኑ ነው ያቃጠለኝ።

ስለ ጋሼ የነገረችኝ ቤተ ክርስቲያን የማገኛት አንዲት እናት ናት። እውነቱን ለመናገር ስሄድ አላመንኳቸውም። እሳቸው ግን ዋጋ አልጠሩም። «ልጄ፣ መኪናዋን ለምንድን ነው የምትፈልጊያት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ለኡበር ከሆነ ከአሁኑ እንተወው። ለራስሽ መሄጃ ከሆነ ግን እንፈልጋለን፤ መጀመሪያ ኢንሹራንስሽ ጋ ደውለሽ ሪቢልት ታይትል ላይ ምን ያህል ሽፋን እንደሚሰጡሽ ጠይቂ» አሉኝ። ከመግዛቴ በፊት ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩንም እንደ አባት ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። መኪና ሲሰረቅ ኢንሹራንሱ የተወሰነ ጊዜ ጠብቆ ለባለቤቱ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ብትገኝ የኢንሹራንሱ ንብረት ናት፤ እሱ ደግሞ ኮፓርትና አይ ኤ ኤ የሚባሉት ጨረታዎች ላይ ያወጣታል። ለጨረታ የምትወጣው ተሰርቃ ስለተከፈለባት ነው እንጂ የግድ ስለተጎዳች አይደለም፤ ስለዚህ አንዳንዷ ነቀፋ የማይገኝባት ደህና መኪና ናት፣ አንዳንዷ ደግሞ ተገፍፋ ያለቀች። የሚሸጡት እንዳለች ነው፣ ገዝተሽ መመለስ የለም። ኤን አይ ሲ ቢ የሚባለው የኢንሹራንስ ወንጀል ተከታታይ ተቋም ድረ ገጽ ላይ መኪናዋ ተሰርቃ ወይም ሳልቬጅ ተብላ እንደሆነ በቪን ቁጥሯ በነፃ ማጣራት እንደሚቻልም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ቪን ማለት ያው እኛ ሻንሲ ቁጥር የምንለው፣ 17 ፊደልና ቁጥር ያለው ነው።

አሁን ልቤን የነካውን ነገር ልንገራችሁ።

ከጋሼ ጋር ያየናት የመጀመሪያዋ መኪና ነጭ ቶዮታ ካምሪ ነበረች። እንዴት እንደምታምር! ጋሼ ጨረታው ላይ የመግዛት ፈቃድ ስላላቸው እኔንም በእንግድነት አስመዝግበው ከጨረታው በፊት ግቢው ድረስ ወሰዱኝ። እኔ በልቤ ገዝቻታለሁ፣ ልጄን ከኋላ አስቀምጫታለሁ። እሳቸው ግን ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። የኋላውን በር ከፍተው ገቡና የወንበሩን ቀበቶ ቀስ እያሉ ጎትተው ጎትተው እስከ መጨረሻው አወጡት። «ነይ እስኪ፣ እጅሽን ስጪኝ» አሉኝ። ጣቴን ይዘው ቀበቶው ላይ አስኬዱት። ላዩ ለስላሳ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሻከረኝ። የደረቀ ጭቃ ነው፣ ቀጥ ያለ ቡናማ መስመር ሠርቷል።

«ውሃ ገብቶባታል ልጄ። ወለሉን አጥበው ሽቶ ነፍተውበታል፤ ቀበቶውን ግን ማን ጎትቶ ያየዋል?»

እዚያው ግቢ ውስጥ እንባዬ መጣ። ካምሪዋ ስለቀረችብኝ አልነበረም። በሌላ ሰው እጅ ብሆን ያቺን መኪና ገዝቼ ልጄን እንደምጭንባት ታየኝ። ስንመለስ 100 ዶላር ልሰጣቸው ብል «ላልገዛሽው መኪና ምን ብዬ ነው የምቀበልሽ?» ብለው እጄን መለሱት። ሙሉ ቀናቸውን አባክነው፣ ነዳጃቸውን አቃጥለው። እንደዚህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ሁለት ወር ጠበቅን። ሦስት ጊዜ «ይቺ ትቅር» አሉኝ። አራተኛዋ የ2017 ሂዩንዳይ ኤላንትራ ናት፣ አሁን በመስኮቴ ቁልቁል የማያት። የኋላ መስታወቷ ተሰብሮ፣ የመሪው ስር ፕላስቲክ ተገንጥሎ ነበር። እነዚያ በቁልፍ የሚነሱት ሂዩንዳይና ኪያዎች በቀላሉ ሲሰረቁ ስለነበር ኩባንያዎቹ በ2023 በነፃ የሶፍትዌር ማሻሻያ አውጥተዋል፤ ጋሼ ያን ሳያስጭኑ ቁልፉን አልሰጡኝም። ሌላ የሠሩትን ብዙም አልገባኝም፣ ገመድ ነው፣ ቁልፍ ነው፣ እንጃ። ከወንበሩ ስር መስታወት ሲለቅሙ የትንሽ ልጅ ፀጉር ማስያዣ አገኙ፣ ቢራቢሮ ያለበት። አልጣሉትም። ጠርገው ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጠው «ያቺም ልጅ መኪናዋን ትፈልግ ነበር» አሉኝ። እስከ ዛሬ እዚያው መኪናው ውስጥ አለ።

ሜሪላንድ ውስጥ ሳልቬጅ መኪና ከተጠገነች በኋላ የስቴት ፖሊስ ምርመራ አለባት፤ ለጥገናው የተገዛው እቃ የተሰረቀ እንዳልሆነ በደረሰኝ ይታያል። ከዚያ ሴፍቲ ኢንስፔክሽን (የደህንነት ምርመራ)፣ ከዚያ ኤም ቪ ኤ፣ ያው የስቴቱ የመኪና ምዝገባ ቢሮ። ያኛው ሰው ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። ጋሼ ግን እያንዳንዱን ደረሰኝ በቅደም ተከተል ፕላስቲክ ውስጥ ከተው፣ መኪናዋን በመኪና ጫኝ አስጭነው፣ ምርመራው ድረስ አብረውኝ ሄዱ። እኔ እንግሊዝኛዬ እየተያያዘ ስደነግጥ እሳቸው «ተረጋጊ፣ ወረቀታችን ሙሉ ነው» አሉኝ። በአንድ ቀን አለፈች።

አሁን ከሥራ ወጥቼ ልጄን ራሴ ቀስቅሼ፣ ፀጉሯን ሠርቼ፣ ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ። ይህን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ይዤላቸው ሄድኩ፤ ያን ብቻ ነው ያለ ክርክር የተቀበሉኝ።

እባካችሁ፣ እባካችሁ በፎቶ አትግዙ። «ሌባው ትንሽ ነድቶ ነው የጣላት» የሚላችሁን አትመኑ። ገንዘባችሁ የላባችሁ ነው። ጋሼን አናግሩ፤ አይሆንም ካሏችሁም እሺ በሏቸው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስለሆኑ አያነሱም፣ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞክሯቸው። ስትደውሉ የመኪናዋን ቪን ቁጥር ይዛችሁ ደውሉ፤ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።