ባሕር ዳርቻ ላይ ልትገነቡ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ እሷን አነጋግሯት

አንዲት አርክቴክት ላመሰግን ነው። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጽፍም፤ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

የምሠራው በአንድ የባሕር ሳይንስ ማዕከል ውስጥ ነው፣ ተማሪዎችን አስጎበኛለሁ። የድሮው ሕንፃችን ውኃው አፍ ላይ ነበር የቆመው። የነደፉልን ሰዎች ባሕሩን በፎቶ ካልሆነ የሚያውቁት አይመስለኝም። ፊቱ በሙሉ መስታወት፣ ወፍ እየተላተመበት ይወድቃል። ጨው የገባበት ብረት ዝጎና አብጦ ኮንክሪቱን ሰነጠቀው። ስንደውልላቸው ሌላ ሂሳብ ይልካሉ! የባሰው ደግሞ የባሕር እንስሳት የምናኖርባቸው ገንዳዎች ነገር ነው። ቀንድ አውጣዎቹ እየሞቱ አለቁ፣ ጥፋቱም ሁሉ ገንዳ በሚያጸዳው ልጅ ላይ ተላከከ።

እሷ ስትመጣ ፕላን አልዘረጋችም። ቀጥታ ከገንዳዎቹ ጀርባ ገባች። ቀለም የተቀባውን ቫልቭ በቁልፏ ጫፍ ፋቅ ፋቅ ስታደርገው ከሥሩ ቢጫ ብረት ወጣ። "ይሄ ናስ ነው። በውስጡ መዳብ አለ፣ ወደ ውኃው ይገባል። ዓሣው ሊችለው ይችላል፣ ቀንድ አውጣ ግን አይችለውም" አለች። ውኃው ሲመረመር እንዳለችው ሆነ። እኔን አንጀቴን ያራሰኝ ግን ለኃላፊዎቹ ከመናገሯ በፊት ልጁን ፈልጋ "ያንተ ጥፋት አልነበረም" ማለቷ ነው። ያን ያህል ጊዜ ሲሰደብ ማንም እንዲህ ያለው አልነበረም። ተባረኪ እህቴ!

አዲሱን ሕንፃ እሷ ነደፈችልን። ከውኃው ሸሸት ብሎ፣ በምሰሶ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። የባሕር ወለል እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፣ ገናም ይጨምራል፣ ስለዚህ ዛሬን ብቻ አይቼ አልሠራም አለች። ማንግሮቩ (ጨዋማ ውኃ ዳር የሚበቅለው ዛፍ) ይመንጠር ሲባልም ማዕበሉን የሚያበርድላችሁ እሱ ነው ብላ ሞግታ አስቀረችው። መስኮቶቹ ቀን ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ ስለሚያስገቡ ማቀዝቀዣ እምብዛም አናበራም። የውጭው መብራት ብርቱካናማ ነው፣ ወደ መሬት የተደፋ። ከእንቁላል የሚፈለፈሉ ትንንሽ ኤሊዎች ሌሊት ብርሃን ወዳለበት ስለሚሄዱ፣ ደማቅ ነጭ መብራት ካዩ ባሕሩን ትተው ወደ ሕንፃው ይመጣሉ። እኔ በጣም የወደድኩት ግን ቧንቧዎቹን ነው። ግድግዳ ውስጥ አልደበቀቻቸውም። ልጆቹ ውኃው ከባሕር ገብቶ፣ ተጣርቶ ገንዳ እስኪደርስ በጣታቸው እየተከተሉ ይሄዳሉ፣ እኔም ጉሮሮዬ አረፈ። ስለ ኃይል ቁጠባው ብዙ አስረድታኛለች፣ እውነቱን ለመናገር አልገባኝም። የመብራት ሂሳቡ መቀነሱ ግን ገብቶኛል።

እባካችሁ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁን ከማቃጠላችሁ በፊት እሷን አነጋግሩ። ትንሽ ሥራ ነው ብላ አትንቅም። ቀጠሮዋ ይርቃል፣ ታገሡ። በመጣችበት ቀን ደግሞ ጽዳትና ጥበቃ ላይ ያሉትን እረፍት አታስወጡ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እነሱን ነው።