ስለ ኢብን ኸልዱን የተዘጋጀ የድምፅ ትምህርት፦ የአንድ አድማጭ ግምገማ

እ.ኤ.አ. በ1332 በቱኒስ ተወልዶ በ1406 በካይሮ ስላረፈው የታሪክ ፈላስፋ ስለ ኢብን ኸልዱን የተዘጋጀውን ይህን ባለ አሥር ክፍል የድምፅ ትምህርት ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አዳምጬዋለሁ። ትልቁ ብርታቱ ሐሳቡን ከሰውየው ሕይወት ነጥሎ አለማቅረቡ ነው። ገና በወጣትነቱ ወላጆቹን በታላቁ ወረርሽኝ እንዳጣ፣ በሞሮኮዋ ከተማ በፌዝ ቤተ መንግሥት ከሹመት ወደ እስር ቤት እንደ ወረደ፣ ከአንዱ ሱልጣን ወደ ሌላው ሲዘዋወር እንደ ኖረ የሰማ ሰው፣ መንግሥታት ለምን ይነሣሉ፣ ለምንስ ይወድቃሉ የሚለው ጥያቄ ለእርሱ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ጥያቄ እንዳልነበረ ይገባዋል።

እኔን ከሁሉ የማረከኝ አራተኛው ክፍል ነው። መምህሩ «አሰቢያ» የሚለውን ቃል «አንድነት» ብለው በችኮላ አይተረጉሙትም፤ በበረሃ በችግር የሚኖሩ፣ አንዱ ሲነካ ሁሉም የሚነሡ ወገኖች ትስስር መሆኑን በትዕግሥት ያስረዳሉ። ይህ ትስስር ለሥልጣን ያበቃቸዋል፣ ሥልጣኑ ድሎትን ያመጣል፣ ድሎቱም ትስስሩን ይበላዋል። አያት ደሙን ያፈሰሰበትን ዙፋን የልጅ ልጅ አብሮት የተወለደ ይመስለዋል። ኢብን ኸልዱን ለአንድ ትውልድ 40 ዓመት ሰጥቶ፣ የአንድን ሥርወ መንግሥት ዕድሜ በሦስት ትውልድ ማለትም በ120 ዓመት ገደማ ይገምተዋል። መንግሥት በጅማሬው ከቀላል ግብር ብዙ ገቢ፣ በማምሻው ግን ከከባድ ግብር ጥቂት ገቢ ያገኛል ማለቱም እዚሁ ላይ በጥሩ ሁኔታ ተብራርቷል።

ስለ ታሪክ ምርመራ የሚናገረው ክፍልም ሊታለፍ አይገባም። የቀደሙት ጸሐፊዎች የሙሴ ጦር ከ600,000 ያላነሰ ነበር ማለታቸውን ኢብን ኸልዱን ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ይህን ያህል ሠራዊት በየትኛው ሜዳ ይሰለፋል፣ በአንዱ ጫፍ የሆነውንስ ሌላው ጫፍ እንዴት ያውቃል ብሎ ይሞግታል።

ቅር ያሰኘኝ የጊዜ አደላደሉ ነው። በ1401 ከተከበበችው ከደማስቆ ቅጥር በገመድ ወርዶ ከበባውን ከመራው ከመካከለኛው እስያ ድል አድራጊ ከቲሙር ጋር መገናኘቱ አንድ ሙሉ ክፍል ሲሰጠው፣ ከፖለቲካ ሸሽቶ በተቀመጠበት በዛሬዋ አልጄሪያ በሚገኘው ምሽግ በቀልዓት ኢብን ሰላማ፣ በ1377 በአምስት ወር ውስጥ የታሪክ መጽሐፉን ታዋቂ መግቢያ «ሙቀዲማ»ን የጻፈበት ዘመን በጥቂት ደቂቃ ይታለፋል። በ1384 ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ሲመጣ በባሕር መስጠሙም በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተነሥቷል፤ ይህ እጅግ አሳዝኖኛል። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ የዘመናዊ ኢኮኖሚክስ አባት እያሉ ደጋግመው ማወደሳቸው፣ በካይሮ የማሊኪ መዝሀብ (ከአራቱ የሱኒ እስልምና የሕግ መንገዶች የአንዱ) ዋና ዳኛ የነበረውን አማኝ ሰው ከዘመኑ ነቅሎ ያወጣዋል።

የድምፁ ጥራት እንከን የለውም። ይሁን እንጂ የቦታና የሰው ስሞች በፍጥነት ስለሚጠሩ በየመካከሉ እያቆምኩ በማስታወሻ ለመጻፍ ተገድጃለሁ፤ አዘጋጆቹ የስም ዝርዝርና አንድ የሰሜን አፍሪካ ካርታ ቢያክሉበት፣ ከፌዝ እስከ ካይሮ ያለውን የሰውየውን ጉዞ መከተል ይቀል ነበር።